«ሽንት ወጥቷል፣ ተቅማጥ አለ» የተባሉት ታካሚ፦ የሽንት፣ የሰገራና የቫይታል ሳይን ምርመራ ላይ የተሰራ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተመዘገበ

እዚህ ጉዳይ ውስጥ ብርቅ የሆነ በሽታ የለም። ሰርጀሪ ወይም ኦርቶፔዲክ ዋርድ ውስጥ የሰራ ነርስ ተመሳሳዩን አይቷል፣ ካላየም ያያል። ልጽፈው የፈለግኩት ቻርቱ ሲታይ ሙሉ ስለነበረ ነው፤ ቫይታል ሳይን (ትንፋሽ፣ ፐልስ፣ ቢፒ፣ ቴምፕሬቸርና ኦክስጅን) በየአራት ሰዓቱ ተለክቷል፣ ሽንት ወጥቷል ተብሏል፣ ሰገራም ወጥቷል ተብሏል፣ ባዶ የቀረ ሳጥን አልነበረም። እንደዛም ሆኖ ታካሚው ፊኛቸው ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ይዘው፣ አንጀታቸው ደሞ በደረቀ ሰገራ ተዘግቶ ቀንና ሌሊት አሳለፉ። የተሞላው ቻርት ለምን ምንም እንዳልነገረን ማየቱ ለጀማሪ ነርስም ለቆየውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ታካሚውንም ባለሙያዎቹንም የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ።

የታካሚው ሁኔታ

ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ አባት ናቸው፣ ክብደታቸው 62 ኪሎ ነው። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ በስፓይናል አኔስቴዥያ (ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ) ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸዋል። ከመውደቃቸው በፊት ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱ፣ ንግግራቸው የተስተካከለ፣ ቢፒያቸው ብዙውን ጊዜ 130/80 አካባቢ የሆነ ሰው ናቸው። ለእንቅልፍና ለነርቭ ህመም ብለው ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ይወስዳሉ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለህመም ትራማዶል ተጀመረላቸው።

እዚህ ጋር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ወንድ ናቸው፣ እድሜያቸው ፕሮስቴት የሚያድግበት ነው፣ ስፓይናል ወስደዋል፣ ትራማዶል አለ፣ አሚትሪፕቲሊን አለ፣ ተኝተዋል፣ ምግብም ውሃም ቀንሰዋል። አሚትሪፕቲሊን የፊኛን ጡንቻ መኮማተር ያደክማል፣ ትራማዶልና ሌሎች ኦፒዮይዶች (እንደ ሞርፊን ያሉ የህመም ማስታገሻዎች) ደሞ የሽንት ስሜትንም የአንጀትን እንቅስቃሴም ይቀንሳሉ፣ ስለዚህ ሽንት የመያዝና የሆድ ድርቀት አደጋው ገና ዋርድ ሲገቡ የሚታይ ነበር። ግን የእያንዳንዱ መድኃኒት ትዕዛዝ በተለያየ ቀን በተለያየ ሰው የተጻፈ ስለሆነ አንድ ላይ አስቀምጦ ያየው አልነበረም።

ኦፕራሲዮን ጊዜ የገባው ካቴተር (ሽንትን ከፊኛ የሚያወጣ ቱቦ) በሁለተኛው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣ። ይሄ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ካቴተር በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን አደጋው ይጨምራል። የጎደለው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ካቴተር ከወጣ በኋላ ታካሚው በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢበዛ በ8 ሰዓት ውስጥ በራሱ መሽናት አለበት፣ የሸናውም መለካት አለበት። ያን የሚከታተል ሰው አልተመደበም፣ ሰዓቱም ርክክብ ላይ አልተነገረም።

ርክክብ ላይ የተነገረን

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንረከብ የተባልነው እንዲህ ነው። «ሌሊቱን አልተኙም፣ ይበሳጫሉ፣ ጉልኮሱን ሊነቅሉ ሞክረዋል፣ ተቅማጥ ጀምሯቸዋል፣ ሽንት ይወጣል፣ ዳይፐር ሁለቴ ተቀይሯል፣ ቢፒያቸው ትንሽ ከፍ ብሏል።» ለተቅማጡ ሎፐራማይድ ታዞ የመጀመሪያው ተሰጥቷል። ለቢፒው መድኃኒት ታዟል ግን ገና አልተሰጠም። ለብስጭቱ ማረጋጊያ እንዲታዘዝ ሊጠየቅ ነው።

ቻርቱ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት የተመዘገበው፦ ትንፋሽ 20፣ ኦክስጅን ሳቹሬሽን ያለ ኦክስጅን 95 ፐርሰንት፣ ፐልስ 108፣ ቢፒ 170/95፣ ቴምፕሬቸር 36.9፣ ንቃት «ነቅተዋል»። ሽንት የሚለው ቦታ ላይ በየሽፍቱ የራይት ምልክት አለ፣ መጠን የለም። ሰገራ የሚለው ላይ «ተቅማጥ ሶስት ጊዜ» ተብሏል።

እነዚህን ቁጥሮች በኒውስ 2 ስንደምራቸው ነጥቡ 2 ብቻ ይመጣል፣ አንድ ለሳቹሬሽኑ፣ አንድ ለፐልሱ። ኒውስ የእንግሊዙ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2017 ኒውስ 2 ብሎ ያሻሻለው የማስጠንቀቂያ ነጥብ ነው፤ ከ5 ጀምሮ ሐኪም በአስቸኳይ ማየት አለበት፣ 7 እና ከዛ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ነው። 2 ማለት በቻርቱ መሰረት ማንም መሮጥ አይጠበቅበትም።

እኛ ስናያቸው

መጀመሪያ ያናገርናቸው አልጋው ላይ ሲገላበጡ ነው። ወጣቷ ነርስ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ እንዴት አደሩ? የት እንዳሉ ያውቃሉ?» ስትላቸው መልሳቸው ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፣ ሟች ወንድማቸውን ይጠራሉ፣ ለመነሳት ይሞክራሉ። አጠገባቸው ያደረችው ልጃቸው «አባዬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ትናንት ጠዋት እኮ ስለ ልጆቼ ሲጠይቀኝ ነበር» አለች። ይቺ አረፍተ ነገር ለእኔ ከቻርቱ ሁሉ በላይ ነበረች። ቻርቱ ላይ «ነቅተዋል» የተባለው አይናቸው ክፍት ስለሆነ ነው፤ አዲስ የመጣ ግራ መጋባት ግን በኒውስ 2 ለብቻው 3 ነጥብ ነው፣ አዲስ መሆኑን ለማወቅ ደሞ የድሮውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጥለን ቫይታል ሳይኑን እንደገና ለካን። ትንፋሻቸውን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርን፣ ፐልስ እንደምንለካ እጃችንን አንጓቸው ላይ ትተን ደረታቸውን እያየን፣ ምክንያቱም ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል። 24 መጣ። ወደ ኋላ ስናገላብጥ ከገቡ ጀምሮ ትንፋሻቸው ሁልጊዜ 20 ነው የተጻፈው፣ ህመም ላይ በነበሩበትም በተኙበትም ሰዓት። የተቆጠረ ትንፋሽ እንደዛ አይሆንም። ይሄን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ አንድ ነርስ ብዙ ታካሚ ይዞ ሌሊት ሲሰራ መጀመሪያ የሚዘለለው ትንፋሽ መቁጠር ነው፣ ማሽኑ ስለማይለካው። ግን ሰው ሲደክም ቀድመው ከሚቀየሩት ምልክቶች አንዱም እሱ ነው።

ፐልስ 114 ነበር፣ ሪትሙ እኩል ነው። ቢፒውን ለመድገም መጀመሪያ ካፉን፣ ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ አየነው፣ ለክንዳቸው ይሆናል ወይ፣ የሚነፋው ክፍል ስፋት የክንዱን ዙሪያ 40 ፐርሰንት፣ ርዝመቱ 80 ፐርሰንት መሸፈን አለበት፣ ጠባብ ካፍ ቢፒን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ካፉ ልክ ነው። ክንዳቸውን በትራስ ደግፈን ከልባቸው ትይዩ አድርገን ስንለካ 172/96 መጣ። ስለዚህ ቁጥሩ የአለካክ ስህተት አይደለም፣ በእርግጥ ከፍ ብሏል። ሳቹሬሽን 95፣ ቴምፕሬቸር በብብት 37.4 ነው። በብብት የሚለካ ከአፉ ዝቅ እንደሚል፣ በእድሜ የገፋ ሰው ደሞ ኢንፌክሽን ይዞትም ብዙ ላይተኩስ እንደሚችል እያሰብን መዘገብነው።

አሁን ነጥቡ ሲደመር 8 ሆነ። ሁለት ለትንፋሽ፣ አንድ ለሳቹሬሽን፣ ሁለት ለፐልስ፣ ሶስት ለግራ መጋባቱ። በሁለት ሰዓት ልዩነት ከ2 ወደ 8። ከዚህ ውስጥ 5ቱ የመጣው ከትንፋሹና ከግራ መጋባቱ ነው፣ ሌሊት በትክክል ባልተያዙት በሁለቱ። ሁሉም ሰው ያየው ከፍ ያለው ቢፒ ደሞ በዚህ አቆጣጠር ምንም ነጥብ የለውም፣ ሲስቶሊኩ (የላይኛው ቁጥር) 220 እስኪደርስ ድረስ ዜሮ ነው። ተረኛ ሐኪም ወዲያው ተጠራ።

ሆድ ላይ የተቀመጠ እጅ

ሐኪሙ እስኪመጣ መጋረጃውን ዘግተን ሆዳቸውን አየን። የሆድ ምርመራ ቅደም ተከተሉ ከሌላው ይለያል፣ መጀመሪያ ማየት፣ ከዛ ማዳመጥ፣ ከዛ መታ መታ ማድረግ፣ መጨረሻ ላይ መዳሰስ፣ ምክንያቱም ቀድመን ከነካነው የአንጀቱን ድምፅ እንቀይረዋለን። ስናይ ከእምብርት በታች መሀሉ ላይ ክብ ሆኖ የተነሳ እብጠት አለ፣ ቀጭን ሰው ስለሆኑ ከእግር በኩል ሲታይ ግልፅ ነው። የአንጀት ድምፅ አለ ግን ቀንሷል። መታ ስናደርገው ላይኛው ሆድ ባዶ ነገር እንደሚመታ ይጮሃል፣ እብጠቱ ላይ ግን ድምፁ ድፍን ነው። ቀስ ብለን ስንጫን እጃችንን ያዙና «ተይ ልጄ!» አሉ፣ ያን ጠዋት ከተናገሩት ለነገሩ የሚስማማው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ስንጫን ዳይፐሩ ላይ ትንሽ ሽንት ጠብ አለ።

ዳይፐሩን መዘንነው፣ የደረቁን ሚዛን ቀንሰን 40 ግራም ትርፍ መጣ። አንድ ግራም ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ስለሚጠጋ ያ 40 ሚሊ ሊትር ሽንት ነው። 62 ኪሎ የሆነ ሰው ቢያንስ በሰዓት 0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ መሽናት አለበት ብንል በሰዓት 31፣ በ24 ሰዓት 744 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በደም ስር የገባውንም በአፍ የጠጡትንም ስንደምር ይሄን ያህል ሽንት ሊሰራ የሚችል ፈሳሽ ወስደዋል። የተቀየሩት ዳይፐሮች ባይመዘኑም ልጃቸው «ብዙም አልረጠበም ነበር» ነው ያለችው። ታዲያ ቀሪው የት ሄደ? ወይ ኩላሊቱ አልሰራውም ወይ ፊኛው ይዞታል። ሆዱ ደሞ መልሱን ሰጥቶናል። በብላደር ስካነር (ፊኛ ውስጥ ያለውን ሽንት በአልትራሳውንድ በሚለካ መሣሪያ) ስናረጋግጥ ከ900 ሚሊ ሊትር በላይ አሳየ። የአዋቂ ሰው ፊኛ በደህናው ጊዜ የሚይዘው 400 እስከ 600 አካባቢ ነው።

የሚፈሰው ሽንት ታዲያ ምን ነበር? ሞልቶ የሚተርፈው ነው። ፊኛው ጥግ ድረስ ሲወጠር ግፊቱ መውጫውን ያሸንፍና ጠብ ጠብ ይላል፣ ዳይፐር ይረጥባል፣ ቻርት ላይ ራይት ይደረጋል። ሌሊት የነበረችውን ባልደረባችንን በኋላ ስናናግራት «ሽንት ሸንተዋል? ስላቸው አዎ አሉኝ» ነው ያለችን፣ እሳቸውም አልዋሹም እሷም አልዋሸችም፣ ጥያቄው ራሱ አዎ የሚያስብል ስለሆነ ነው። «መጨረሻ በደንብ የሸኑት መቼ ነው? ምን ያህል ነበር? ሲጨርሱ ቀለል ይልዎታል ወይስ አሁንም ያለ ያለ ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ሌላ መልስ ያመጣል፣ በተለይ ገና ግራ ሳይጋቡ ትናንት ከሰዓት ቢጠየቁ።

የመጀመሪያው እርምጃና የካቴተሩ ነገር

በቅድሚያ በራሳቸው እንዲሸኑ ሞከርን። ልጃቸው እንድትወጣ አደረግን፣ አልጋውን ቀና አድርገን አስደግፈን ዩሪናል ይዘን ውሃ ከፍተን አሰማናቸው። ቀላል የሆነ ሰው ላይ ይሄ ይሰራል፣ ወንድ ልጅ ተኝቶ መሽናት እንደሚከብደው የታወቀ ነው። እሳቸው ላይ ግን አልሰራም፣ ያን ያህል የተወጠረ ጡንቻ በቀላሉ አይኮማተርም። ብዙ አልቆየንበትም።

14 ቁጥር ካቴተር በንፁህ አሰራር፣ በቂ የሊዶኬይን ጄል አድርገን ጄሉ እስኪሰራ ጠብቀን ስናስገባ ፕሮስቴቱ ጋር ሲደርስ ቆመ። አልገፋንም። በጉልበት መግፋት የሽንት ቧንቧውን ይቀድዳል፣ ደምም ያመጣል፣ ቀጣዩንም ሰው ያከብድበታል። ሐኪሙ መጥቶ ጫፉ የተቆለመመ 16 ቁጥር ካቴተር ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ሲያስገባው አለፈ። ሽንት መፍሰሱ ከታየና ካቴተሩ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ብቻ ባሉኑ በ10 ሚሊ ሊትር ስቴራይል ውሃ ተነፋ።

1,150 ሚሊ ሊትር ወጣ። እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ፣ «500 ሲወጣ ይቆለፍ፣ አለበለዚያ ቢፒ ይወርዳል ደምም ይመጣል» የሚል የቆየ ልማድ አለ። ሐኪሙ ሳይቆለፍ ሙሉ በሙሉ እንዲወርድ አዘዘ፣ በየመሀሉ መቆለፍ እነዚህን ችግሮች እንደሚቀንስ አልታየምና፣ እኛ ደሞ በየ15 ደቂቃው ቢፒና ፐልስ እንድንለካ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢፒው ምንም የግፊት መድኃኒት ሳይሰጣቸው 136/82 ሆነ፣ ፐልስ 92፣ ትንፋሽ 18። ያ የታዘዘው የቢፒ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ቢሆን ፊኛው ሲለቀቅ የት ይወርድ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ጤነኛ ሰው እንኳ ፊኛው ሞልቶ ቢፒ ቢለካ ሲስቶሊኩ ከ10 እስከ 15 ሊጨምር ይችላል፣ ለዚህ ነው ከመለካታችን በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ የምንለው።

ከዛ በኋላ ያለው ሰዓት ችላ አይባልም። ተዘግቶ የቆየ ኩላሊት ሲከፈት ከመጠን በላይ ሊሸና ይችላል፣ ሁለት ሰዓት በተከታታይ በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ የፈሳሽና የጨው መዛባት ሊመጣ ይችላል። በየሰዓቱ ለካን፣ መጀመሪያ 220፣ ከዛ 160፣ ከዛ 110። የመጀመሪያው አስደንግጦን ነበር ግን ተረጋጋ። ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው የደም ምርመራ) 1.9 ሆኖ መጣ፣ ፖታሲየም ደህና ነው። ሽንቱ ጥቁር ቢጫ ነው፣ ደም የለውም፣ ናሙና ለላብ ተላከ።

«ተቅማጡ»

ፊኛው ከተለቀቀ በኋላም ሆዳቸው ግራ ጎን ላይ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር ነበረ። ልጃቸውን «ከወደቁ ጀምሮ በደንብ ሽንት ቤት ሄደዋል?» ስንላት «አረ አንድም ቀን! እንደውም ቤድፓን ላይ አልቀመጥም ብሎ ምግቡንም ውሃውንም የቀነሰው ለዛ ነው» አለች። ይሄን ሰምቶ ዝም ማለት አይቻልም። አንድ አባት በልጁና በማያውቃቸው ሰዎች ፊት አልጋ ላይ መፀዳዳት ስላፈረ ብቻ መብላትና መጠጣት አቆመ፣ እኛ ደሞ «ምግብ ፍላጎት የለም» ብለን መዝግበነዋል። መጋረጃ፣ አስታማሚን ለአፍታ ማስወጣት፣ ኮሞድ ወንበር አልጋው አጠገብ ማምጣት፣ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ሕክምና ናቸው።

በጣት ሲመረመሩ ሬክተሙ (የአንጀቱ የመጨረሻ ክፍል) በደረቀ ሰገራ ጢም ብሏል። ተቅማጥ የተባለው ከደረቀው በላይ ያለው ፈሳሽ በጎን በጎኑ እየሾለከ የሚወጣው ነው። በብሪስቶል የሰገራ ሰንጠረዥ (በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከታይፕ 1 የደረቁ ድብልብሎች እስከ ታይፕ 7 ውሃ ድረስ የሚመድበው) የሚወጣው ታይፕ 7 ነው፣ ውስጥ ያለው ግን ታይፕ 1። ስለዚህ ሰንጠረዡም ብቻውን አያድንም፣ መጠኑ ሲጨመርበት ነው የሚናገረው። እውነተኛ ተቅማጥ ብዙ ይወጣል፣ ይሄኛው እያንዳንዱ ጊዜ ማንኪያ የማይሞላ፣ ሳይታወቃቸው የሚያመልጥ፣ ሽታው የከረረ ነበር። ሎፐራማይዱ ወዲያው ቆመ፣ የተዘጋ አንጀትን የበለጠ ያቆማልና።

በጣት ማውጣት ሞከርን፣ አልሆነም። ገና እንደተጀመረ ፐልሳቸው ከ92 ወደ 56 ወረደ፣ ፊታቸው ነጣ፣ ላብ አላባቸው። ሬክተም ሲነካ ቬገስ ነርቭ ይነቃና ልብን ያዘገያል፣ ለዚህ ነው አንድ ሰው ፐልስ ይዞ መቆም ያለበት፣ እኛም ይዘን ስለነበር ነው ቶሎ ያቆምነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመለሱ። በምትኩ ግሊሰሪን ሰፖዚቶሪ፣ ቀጥሎ የዘይት ኢኔማ ተሰጠ። የፎስፌት ኢኔማ ቀርቦ ነበር ግን ክሪያቲኒናቸው ከፍ ስላለ ተተወ፣ ኩላሊቱ የደከመ አዛውንት ላይ ፎስፌቱ ደም ውስጥ ገብቶ ካልሲየምን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ማታ ላይ ብዙ ደረቅ ሰገራ ወጣ፣ በማግስቱም እንደገና። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ላክቱሎስ ተጀመረ፣ ትራማዶሉ ቆሞ ፓራሲታሞል በሰዓቱ እንዲሰጥ ተደረገ፣ አሚትሪፕቲሊኑም እንዲቆም ተወሰነ።

ያልተስተካከለውና የዘገየው

ሁሉም ነገር ወዲያው አልተፈታም። ቢፒና ፐልስ በግማሽ ሰዓት ሲመለሱ ግራ መጋባቱ ግን ሁለት ቀን ቆየ፣ ዲሊሪየም (እንዲህ ያለ ድንገተኛ ግራ መጋባት) መነሻው ቢወገድም እየቆየ ነው የሚለቀው። ልጃቸው «ሽንቱ ወጥቶለት ለምን አልተመለሰም?» እያለች ተጨንቃለች፣ ቀድመን ብንነግራት ጥሩ ነበር። ማረጋጊያ መድኃኒት ግን አልተሰጠም፣ መነጽራቸውን ማምጣት፣ ቀን መጋረጃ መክፈት፣ የሚያውቁት ሰው አጠገብ ማድረግ በቂ ሆነ።

የካቴተሩ መውጣትም መጀመሪያ አልተሳካም። ሲወጣ በራሳቸው 90 ሚሊ ሊትር ሸኑ፣ በስካነር ሲታይ የቀረው 380 ነው። ይሄንንም ብዙ ቦታ «ሸንተዋል» ብለን እናልፈው ነበር። የወጣውን ከቀረው ጋር ስናስተያየው ግን ፊኛው ገና አልቻለም፣ ካቴተሩ ተመለሰ። ታምሱሎሲን ተጀመረላቸው። ይሄ መድኃኒት የፕሮስቴቱን ጡንቻ ሲያላላ ቢፒንም ሲነሱ ሊያወርድ ስለሚችል፣ ዳሌው የተጠገነ ሰው ደሞ ዳግም መውደቅ ስለሌለበት፣ ተኝተውና ቆመው ቢፒ እንለካ ነበር። ከቆሙ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሲስቶሊኩ በ20 ወይም ዲያስቶሊኩ በ10 ከወረደ አይሄዱም ማለት ነው። አንድ ጠዋት በ22 ስለወረደ ፊዚዮቴራፒው ለሌላ ሰዓት ተላለፈ፣ ፈሳሽ ተጨመረ፣ መድኃኒቱ ወደ ማታ ተዛወረ።

ከቀናት በኋላ አንጀታቸው ከተስተካከለ ወዲያ ካቴተሩ ሲወጣ 250 ሸኑ፣ የቀረው 70 ነበር። ክሪያቲኒኑ 1.1 ወረደ። በዎከር እየሄዱ ወጡ።

ለሌላ ዋርድ የሚሻገረው

ከሁሉ በላይ የምይዘው የወጣውን ብቻ ሳይሆን ውስጥ የቀረውንም መጠየቅ ነው። «ወጥቷል» የሚለው መልስ መጠን፣ ሰዓት፣ መልክ ከሌለው ባዶ ሳጥን ነው፣ እንደውም ከባዶ ይብሳል፣ ባዶ ሳጥን ቢያንስ ቀጣዩን ሰው ይጠራዋል። ስካነር የሌለበት ቦታ ላይ እጅ አለ፣ ከእምብርት በታች መዳሰስና መታ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም።

ሽንትና ሰገራን ከቫይታል ሳይን ነጥሎ ማንበብም አደገኛ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ለቢፒው የቢፒ መድኃኒት፣ ለብስጭቱ ማረጋጊያ፣ ለተቅማጡ ሎፐራማይድ ነበር መንገዱ፣ ማረጋጊያው ደሞ ብዙ ጊዜ ሽንትን የበለጠ ይይዛል። አንድ ሰው «ሽንት እየቀነሰ ነው» ብሎ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድ ቢያዝ ኖሮ የተዘጋ ፊኛ ላይ ሽንት እንጨምር ነበር። አዲስ ብስጭት፣ ከፍ ያለ ቢፒና ፈጣን ፐልስ አንድ ላይ ሲመጡ አንድ ምክንያት መፈለግ ይቀድማል። ህመም፣ ኦክስጅን ማነስ፣ ስኳር መውረድ፣ ኢንፌክሽንም እንደዛው ያደርጋሉ፣ ስኳራቸውም የዛኑ ጠዋት ተለክቶ ደህና ነበር።

አስታማሚን መጠየቅ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው አለ። የታካሚውን የወትሮ ሁኔታ የምታውቀው ልጃቸው ነበረች፣ የመጨረሻውን የሰገራ ቀንም የምታውቀው እሷ። ሁለቱንም የነገረችን ስለጠየቅናት ብቻ ነው።

ዋርዳችን ላይ ከዚህ በኋላ የተቀየረው ይሄ ነው። ካቴተር የወጣለት ታካሚ የወጣበት ሰዓትና መሽናት ያለበት የመጨረሻ ሰዓት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ርክክብም ላይ በቃል ይነገራል፣ ሰዓቱ ካለፈ ነርሱ ሳይጠብቅ ሆድ ዳስሶ ሐኪም ይጠራል። የሽንት ሳጥኑ ራይት አይቀበልም፣ በሚሊ ሊትር ነው፣ ዳይፐር ላይ ላለ ሰው በሚዛን። ኦፒዮይድ ለጀመረ ሰው የመጨረሻ ሰገራ ቀን በየጠዋቱ ይጠየቃል፣ የማለስለሻ ትዕዛዝም አብሮ ይጠየቃል። ትንፋሽ መቁጠሩ ግን አሁንም እያስቸገረ ነው፣ ሌሊት ላይ አሁንም 20 እየተደጋገመ ይገኛል፣ ስለዚህ ጠዋት ርክክብ ላይ ከገቢው ሽፍት አንድ ነርስ የሶስት ታካሚ ትንፋሽ በሙሉ ደቂቃ ቆጥሮ ከሌሊቱ ጋር እንዲያስተያይ አድርገናል፣ የተለየ ከሆነ ቫይታል ሳይኑ በሙሉ እንደገና ይለካል።